የፎቶ ቤቱ ኮት

በመቱና በአካባቢዋ የራሱ ኮት የነበረው ወንድ ጥቂት ነው፤ በኮት ፎቶ የተነሳው ግን ስፍር ቁጥር የለውም። ሁሉም የለበሱት አንድ ኮት ነው። እሱም የአባቴ ነው።

ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ የሚያኮራም ነገር የለውም። ከገበያው በላይ ባለችው ጠባብ ፎቶ ቤቴ ውስጥ፣ ከመጋረጃው ጎን ባለ ሚስማር ላይ፣ አንድ ጥቁር ሰማያዊ ኮትና ቋጠሮው የማይፈታ አንድ ከረባት ለብዙ ዓመታት ተንጠልጥለው ኖረዋል። መታወቂያ ሊያወጣ የመጣ ገበሬ በሩ ላይ ጭቃውን አራግፎ ይገባና፣ ሰላምታውን ሳይጨርስ ዓይኑን ወደ ሚስማሩ ይልካል። «ኮቱ አለ አይደል?» ይለኛል። አለ ስለው ፊቱ ይፈታል። ስለ ካሜራዬ ባወራለት ግን ግድም አይሰጠው።

ጉርድ ፎቶ ነው፤ ከደረት በታች ያለውን ማንም አያይም። ከላይ የቢሮ ኃላፊ፣ ከታች ቁምጣና የላስቲክ ቦት ጫማ። ለቀጭኑ ትርፉን ጨርቅ ከጀርባው በመርፌ ቁልፍ እይዝለታለሁ፤ ወፍራሙን ትንፋሹን እንዲውጥ እለምነዋለሁ። ቡና በሚለቀምበት ወራት፣ ሰው ትንሽ እጁ ሲፈታ፣ ያለምንም ጉዳይ በኮቱ ለመነሳት ብቻ የሚመጣም ነበር። ባለ አንድ ክፍል ጎጆ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ፎቶ ነው። ኮቱ ቡና፣ ላብና የሰው ራስ ቅባት ይሸት ነበር። ማታ ማታ ውጭ አሰጣዋለሁ፤ ሽታው ግን አልለቀቀም።

አንድ ነውርም ነበረበት። የግራ ኮሌታው ጫፍ አይተኛም። አባቴ በወጣትነቱ ጎሬ ላይ በአንድ ልብስ ሰፊ አሰፍቶት፣ ሰውየው ቸኩሎ ይሁን ከልቡ ሳይሠራ ቀርቶ፣ ያቺ ጫፍ እንደ ድመት ጆሮ ቀና ብላ ቀረች። ተተኮሰች፣ ውኃ ተረጨባት፣ ከላይ ድንጋይ ተጫነባት፤ እምቢ አለች። ዛሬም ድረስ በየቢሮው የቆየ ፋይል ቢገለጥ የግራ ኮሌታው የተነሳ ሰው ሁሉ የእኔ ደንበኛ ነው።

አባቴ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር። መንግሥት ተለውጦ የቢሮው ሥራ በአፋን ኦሮሞ መጻፍ ሲጀምር ኮቱን ለብሶ እንደ ወትሮው ሥራ ገባ። ቋንቋውን እንደሆነ ከልጅነቱ ጀምሮ ነው የሚናገረው፤ ገበያ ላይ ሲከራከር የሰማው ሁሉ እናቱ ያወረሰችው ነው የሚመስለው። ቁቤውን፣ አዲሱን የላቲን ፊደል፣ ግን እጁ እምቢ አለው። ስልጠና ላኩት፤ ከልጁ እኩዮች ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ፊደል መቁጠር አሳፈረውና ጥሎ ወጣ። ከዚያ በጊዜ ጡረታ እንዲወጣ ተደረገ። አገሩ በቋንቋው መጻፉ ትክክል ነበር። አባቴም ቤቱ መዋሉ ልቤን አቃጥሎታል። ሁለቱ እውነቶች እስከ ዛሬ ውስጤ ተቻችለው አልተቀመጡም፤ እንዲቻቻሉም አልለምናቸውም።

ፎቶ ቤቱን ስከፍት ኮቱን ተሸክሞ መጣና ሚስማሩ ላይ ሰቀለው። «እኔ ቢሮ ካልገባሁ እሱ ይግባ» አለኝ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከበሩ አጠገብ ባለችው አግዳሚ ላይ ይቀመጥ ጀመር። አንድ ሰው ኮቱን ለብሶ ካሜራው ፊት ሲቆም ከመቀመጫው ይነሳል፣ ያቺን የግራ ኮሌታ በአውራ ጣቱ ይጫናል፣ በአፋን ኦሮሞ «ቀና በል፤ ቢሮ እየገባህ ነው» ይለዋል። ሰውየው ይስቃል። አባቴ አይስቅም። ጣቱን ሲያነሳ ኮሌታዋም አብራ ትነሳለች።

እሱ ራሱ ግን ፎቶ አልተነሳም። «አባዬ፣ ደንበኛ ሳይመጣ ዛሬ እንነሳ?» እለዋለሁ። «ሥራ ስመለስ» ይለኛል። መጀመሪያ ቀልድ ይመስለኝ ነበር። ጢሙን በየጠዋቱ እየተላጨ ይጠሩኛል ብሎ የሚጠብቅ ሰው መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ሲገባኝም ተናደድኩበት። ማን ይጠራሃል ልለው አፌ ላይ የደረሰባቸው ቀናት ብዙ ናቸው።

ከዚያ ኮምፒዩተር መጣ። ከመናኸሪያው አጠገብ የተከፈተው ፎቶ ቤት ሰውን በሹራቡ ያነሳና፣ ጭንቅላቱን ቆርጦ በፈለገው ኮት ላይ ይለጥፈዋል። ግራጫ፣ ጥቁር፣ ባለመስመር፣ ከነከረባቱ። አንገት ከትከሻ ጋር የማይገናኝበት ሰው ሁሉ ደስ ብሎት ይወጣል። «ይሄ ፎቶ ሳይሆን ቀዶ ጥገና ነው» እያልኩ ሳሾፍ ከረምኩ። እያሾፍኩ ደንበኞቼ አለቁ። እኔም ኮምፒዩተር ገዛሁ፤ የሰው አንገት ግን አልቆርጥም ብዬ ማልኩ። ብዙም ሳይቆይ መሥሪያ ቤቶቹ ራሳቸው በትንሽ ካሜራ ማንሳት ጀመሩ፤ የቀረው ሰው ደግሞ ኪሱ ውስጥ ስልክ አለው። ኮቱ ሚስማሩ ላይ ሥራ ፈትቶ ቀረ። አባትና ኮት ፊት ለፊት ተቀምጠው ይተያያሉ፤ እኔ መሐላቸው ነኝ።

አንድ ክረምት፣ ከያዮ በኩል አንድ ጎልማሳ መጣ። ታላቅ ወንድሙ ሞቷል። ከኪሱ በላስቲክ የተጠቀለለ ጉርድ ፎቶ አወጣ፤ የግራ ኮሌታዋ ቀና ብላለች። ሟቹን አስታወስኩት፤ ማር ይዞ ገበያ ሲመጣ ብዙ ጊዜ የተነሳ ዝምተኛ ሰው ነበር። ፎቶውን አሳድጌ ፍሬም ውስጥ አደረግኩለት። ሰውየው ግን አልሄደም።

«ጋሼ፣ ኮቱንም ፈልጌ ነበር» አለኝ። «ሀገሩ በሟች ልብስ ነው የሚያለቅሰው። ፎቶው ላይ ኮት አለ፤ ልብሱ መሐል ግን ኮት የለም። ሰው ምን ይላል?»

ከፎቶ ቤት ኮት ለልቅሶ ሲዋሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያኔ ነው። አይሆንም ልል ስል አባቴ ከአግዳሚው ተናገረ። «ሰው ሞቶ ኮት ይከለከላል እንዴ? ስጠው» አለኝ። ተነስቶም በእጁ አራግፎ፣ አጣጥፎ ሰጠው። ሰውየው ጉልበቱን ሊስመው ጎንበስ አለ። ልቅሶው እንዳለቀ እመልሳለሁ ብሎ ሄደ።

አልመለሰም። ዝናቡ መንገዱን ቆርጦት ይሆናል እያልኩ ቆየሁ። በዚያው መሐል አባቴ ታመመ። ሆስፒታል ተኝቶ፣ ውጋቱ እየጸና ሄዶ፣ በመጨረሻ ወደ ቤት ብትወስዱት ይሻላል ተባልን። ምን ማለት እንደሆነ እሱም ገብቶታል። አንድ ጠዋት እህቴ አጥሚት እያጠጣችው እጄን ያዘኝና «አሁን አንሳኝ» አለኝ። «ለልቅሶዬ የሚሆን ፎቶ የለኝም። በኮቴ አንሳኝ።»

«ሥራ ስመለስ» ያለው ቀረ ማለት ነው። መጠበቁን ያቆመው በዚያ ጠዋት ነው። ዕድሜ ልኬን የሰው ፊት አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ፊት ማየት ግን አልችልም።

ወዲያው ሚኒባስ ይዤ ወጣሁ። ከያዮ ወዲያ በሞተር፣ ሞተሩ ሲያቅተው በእግሬ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ጭቃ ውስጥ እየገባሁ ሟቹ ቤት ደረስኩ። ወንድምየው ደጅ እንጨት እየፈለጠ ነበር። ሲያየኝ መጥረቢያውን አስቀመጠ።

የሟቹ ሚስት ወደ ውስጥ አስገባችኝ። ያሳደግኩት ፎቶ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ከሥሩ ኮቱ በንጹሕ ነጠላ ላይ ተዘርግቷል። ፎቶ አንሺው መሆኔን ስታውቅ ሁለት እጆቼን ይዛ ሳመቻቸው። «ገለቶማ፣ ገለቶማ» አለችኝ ደጋግማ፤ እግዜር ይስጥልኝ ማለቷ ነው። የምታመሰግነኝ በፎቶው መስሎኝ ነበር። በአፋን ኦሮሞ ስትቀጥል ነው የገባኝ።

«ሁልጊዜ ይነግረኝ ነበር፤ ኮቴ መቱ ነው፣ እዚህ ጭስ እንዳይበላው ፎቶ አንሺው ጋ አስቀምጬዋለሁ ይለኝ ነበር። እኔ ክፉዋ አላምነውም ነበር። የታለ ኮትህ እያልኩ አሾፍበት ነበር። ይኸው በሞተ በሳምንቱ ኮቱ መጣ። ይህን ሁሉ ዘመን አደራ ጠብቀህልን!»

ወንድምየው በሩ ላይ ቆሟል። ዓይኑን ስፈልገው መሬት መሬቱን ያያል። ያን ጊዜ ኮሌታውን ይዤ ባንቀው ደስ ባለኝ። አፌን ከፈትኩ። ኮቱ የአባቴ ነው ማለት ሦስት ቃል ብቻ ነው። ግን ሴትዮዋ ባሏን ሲዋሽ የኖረ ሰው ነው ብላ ኖራ፣ እውነተኛ ነበር ብላ እያለቀሰችው ነው። እሱን ቀምቼያት ልሂድ?

ስለዚህ የአባቴን ኮት ለአባቴ ለመንኩ። አባቴ ታሟል፣ ፎቶ መነሳት ይፈልጋል፣ ለአንድ ቀን አውሱኝ አልኳት።

ደረቷን መታች። «የሞተ ሰው ልብስ በታመመ ሰው ላይ? ወዮ፣ አይሆንም! አንተ ይህን ሁሉ ውለታ ውለህልን እኔ ለአባትህ ክፉ ልመኝለት?» አለችኝ። ይህን ስትል ከልቧ ነበር፤ ለአባቴ ፈርታለት እያለቀሰች ነው የከለከለችኝ። ስወጣ ማር በቅል አሸከመችኝ። ወንድምየው እስከ መንገዱ ሸኘኝ፤ «ይቅር በለኝ ጋሼ፣ እንዴት ልንገራት?» አለኝ። ቅሉን ታቅፌ ጭቃውን ቁልቁል ወረድኩ።

አባቴ ዓይኑን በሩ ላይ ተክሎ ጠበቀኝ። እጄ ላይ ቅሉን ሲያይ ገባው። ልዋሸው አልቻልኩም፤ ሁሉንም ነገርኩት። «ኮሌታዋን አስተኝተዋታል?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አልተኛችም» አልኩት።

ፈገግ ያለ መሰለኝ። «በሹራብህም ቢሆን ላንሳህ» ስለው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «በሹራብማ ቤት ነው የሚዋለው» አለኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ፎቶ አላነሳም። በዚያው ሳምንት ሞተ።

እሱን የሚያሳይ ምስል ብንፈልግ፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ሳያውቅብኝ በስልኬ ያነሳሁት አንድ ብቻ ተገኘ። በሹራብ ነው። እህቴ «ኮት አልብሰው፤ እንዲህ ሆኖ አይሸኝም» ብላ አለቀሰች። ድንኳኑ እየተተከለ እኔ ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀመጥኩ። የአባቴን አንገት ቆረጥኩ። ጥቁር ሰማያዊ ኮት መረጥኩለት፤ ትከሻው ሰፊ፣ ከረባቱ ቀይ፣ ሁለቱም ኮሌታዎች ጸጥ ብለው የተኙ። የግራዋን ቀና ላደርጋት ሞከርኩ። አላወቅኩበትም። አትሜ ፍሬም ውስጥ ከተትኩት፤ እጄን በሳሙና ደጋግሜ ታጠብኩ።

በሠልስቱ አንዲት የድሮ ጎረቤታችን መጡ። አባቴ ቢሮ በሚሄድበት ዘመን በደጃቸው ነበር የሚያልፈው። ፎቶው ፊት ሲደርሱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆሙ፤ ከዚያ መስታወቱን፣ ልክ ግራ ኮሌታው ላይ፣ በጣታቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉት።

«ይቺ ኮት!» አሉና ለቅሶው ቀደማቸው። «ጠዋት ጠዋት ይቺን ለብሶ ሲያልፍ አሁንም ይታየኛል። እሷ ናት አይደል፣ ልጄ?»

ዓይኔን ወደ መሬት ጣልኩ። የያዮው ሰውዬ በበሩ ላይ ምን ያይ እንደነበር ያን ጊዜ አወቅኩ።

«አዎ እትዬ፣ እሷ ናት» አልኳቸው።