ሥዕል ልማር፣ ዓይን ሳይጨምር

ሥዕል መማር እፈልጋለሁ ብዬ አፌን የከፈትኩበትን ቀን ስንቴ እንደረገምኩት። ሰው ፊት መናገር ከልጅነቴ ጀምሮ ጭንቄ ነው። ሱቅ ተልኬ እንኳ ባለሱቁ "ምን ልስጥሽ?" ሲለኝ ጨው ለማለት ጉሮሮዬን እጠርግ ነበር። ያን ሁሉ ፍርሃት ውጬ፣ ደሴን ከላይ እስከ ታች ዞሬ የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የድሃ ልጅ ሥዕል የምትማርበት ቦታ የት አለ? የጠየቅሁት ሰው ሁሉ ደግሞ መልሶ እኔኑ ይጠይቀኛል። "ስንተኛ ክፍል ነሽ?"

ስድስተኛን ጨርሼ ነው የቀረሁት። እናቴ ታማ ተኛችና ቤቱን የያዝኩት እኔ ሆንኩ፤ እሷ ስትድን ደግሞ ለትምህርት ቤት አርጅተሻል ተባልኩ። ከዚያ ወዲህ ቤት ተቀምጬ የምሠራው ንድፍ ነበር። ሸዋ በር አካባቢ የሚያገቡ ልጃገረዶች አቡጀዲያቸውን ይዘው ይመጣሉ። እኔ በኮፒያ እርሳስ ጣዎስ፣ ርግብ፣ ጽጌረዳ እነድፍላቸዋለሁ፤ እነሱ በክር ይጠልፉታል። ለትራስ ልብስ፣ ለአልጋ ልብስ፣ ለሬዲዮ መሸፈኛ ሳይቀር።

ታዲያ የእኔ ወፎች ዓይን የላቸውም። እንዲህ ያደረጋቸው አባባ ነው። ነፍስ ያለውን ነገር የሚሥል ሰው በቂያማ ቀን "በል እንግዲህ ነፍስ ዝራበት" ይባላል ይላል። መጀመሪያ ጨርሶ ከልክሎኝ ነበር። በኋላ ሙሽሮቹ ሲመላለሱበት፣ እኔም ማኩረፌን አልተው ስል፣ ዓይን የሌለው ነገር ሙሉ ፍጡር አይባልም ብሎ በዚያ ተስማማን። ዓይኑን ሙሽሮቹ ራሳቸው በጥቁር ክር ወጋ ወጋ አድርገው ይጨምሩታል። ጣጣው የእነሱ ነው።

ንድፍ ግን ሰለቸኝ። ያንኑ ጣዎስ ነው የምደጋግመው። ጥላ እንዴት እንደሚሠራ፣ የራቀ ነገር ለምን እንደሚያንስ የሚነግረኝ ሰው ፈለግሁ።

ፒያሳ ላይ የሱቅና የጭነት መኪና ጽሑፍ የሚሠራ ሠዓሊ ነበር። መጀመሪያ እሱ ዘንድ ሄድኩ።

"አስተምርሻለሁ" አለኝ ከመሰላሉ ሳይወርድ። "በየወሩ ትከፍያለሽ። ቀለሙንና ብሩሹን ራስሽ ትገዣለሽ። የምታበላሺውን ቆርቆሮም ትከፍያለሽ።"

"ቆርቆሮ አላበላሽም።"

"ሁሉም ያበላሻል። እኔ በምን የምኖር መሰለሽ?"

አዲስ አበባ የመንግሥት የሥዕል ትምህርት ቤት አለ፣ ክፍያ የለውም ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ቀጥለው ግን በስድስተኛ ክፍል ከበሩም አታልፊ አሉኝ። ቢያሳልፉኝስ የት አድሬ፣ ምን በልቼ? ዘመድ ለሌለው ሰው አዲስ አበባ ላይ ከነጻ ትምህርት የሚወደድ ነገር የለም።

የቀረኝ ቀበሌ ነበር። የወጣት ማኅበሩ ሊቀ መንበር ሰፈራችን ያደገ ልጅ ነው፤ ካኪ ከለበሰ ወዲህ ግን ቆሞ ነው የሚያናግረን።

"ኪነት ነው የምትፈልጊው?" አለኝ።

"ሥዕል።"

"እሱም ኪነት ነው። ድምፅ አለሽ?"

"የለኝም።"

"ትጨፍሪያለሽ?"

ራሴን ወዘወዝኩ።

"እንግዲያ ምኑ ነው ኪነቱ?" አለና አጠገቡ የነበሩት ሳቁ። እኔ እስከ ቤቴ ድረስ ፊቴ እየነደደ ሄድኩ።

ይህን ሁሉ የሰማችው አክስቴ፣ የአባባ እህት፣ ኮምቦልቻ ናት። አንድ ቀን ደሴ ለለቅሶ መጥታ ስትመለስ እኛ ዘንድ ጎራ አለችና ወሬውን አመጣችው። አውራጃው ወጣቶችን ሥዕል፣ ሙዚቃና ቲያትር ሊያሠለጥን ነው። ክፍያ የለውም። ክፍል አይጠይቁም። ምሳ ሳይቀር ይሰጣሉ። ጎበዝ ሆኖ የተገኘውን መንግሥት ራሱ አዲስ አበባ ልኮ፣ አብልቶ ያስተምረዋል።

"ማደሪያዋ እኔ ዘንድ፤ አብሽሪ" አለችኝ።

አባባ ልብስ ሰፊ ነው። የስፌት መኪናውን ሳያቆም ነው ያናገረኝ።

"ስንት ነው?"

"ነጻ ነው፣ አባባ።"

"ነጻ ነገር አልወድም" አለና አንድ ሙሉ እጅጌ ሰፋ። ከዚያ ክሩን በጥርሱ በጠሰው። "እሺ ሂጂ። ግን ዓይን አትሠሪም።"

"አልሠራም።"

"ወላሂ በይ።"

"ወላሂ።"

የሚያስፈልገኝ የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ብቻ ነበር። ሊቀ መንበሩ ጻፈልኝ። ሳነበው "የቀበሌያችን ዘፋኝ" ይላል።

"እኔ ዘፋኝ አይደለሁም።"

"ውሰጂው ባክሽ። ሥዕል ብዬ ብጽፍ ምን እንደሆነ እኔም አላውቀውም። በዘፋኝ ገብተሽ የፈለግሽውን ሁኚ።"

የሐረጎን ተራራ በመኪና ቁልቁል ስንወርድ ብርዱ ከኋላችን ቀረ፤ ኮምቦልቻ ስንደርስ ግን ያላበኝ በሙቀቱ አልነበረም። ፈተናው በአንድ ትልቅ አዳራሽ ነው። በአንዱ ጥግ ክራር ይቃኛል፣ በሌላው ጥግ ሁለት ወንዶች ፊውዳልና ጭሰኛ ሆነው ይሰዳደባሉ። ስሜ ሲጠራ መድረክ ላይ አወጡኝ። ከፊቴ የተቀመጠው የአውራጃው ካድሬ ደብዳቤዬን ይዟል።

"ዝፈኚ" አለኝ።

"ሥዕል ነው" አልኩ።

"አይሰማም።"

"ሥዕል።"

"ጮክ በይ እንጂ፤ ዘፋኝ አይደለሽም እንዴ?"

ከአጠገቡ የነበረው ሰው ባይደርስልኝ ኖሮ እዚያው እንደቆምኩ ይመሽ ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ጠጉሩ የሸበተ የሥዕል መምህር ነው። "ይህቺ የእኔ ናት መሰለኝ" ብሎ ከመድረኩ አወረደኝና ወረቀትና ከሰል ሰጠኝ። ወዝ አደር፣ ገበሬና ወታደር ጎን ለጎን ቆመው እንድሥል አዘዘኝ።

ከዚያ በኋላ ደህና ሆንኩ። ወረቀት ላይ ማንም ጮክ በይ አይለኝም። የወዝ አደሩን እጅ እንደ አባባ እጅ፣ ጉልህ ጉልህ አንጓ ያለው አድርጌ ሠራሁት። የገበሬውን ጋቢ እጥፋቱን አወጣሁ። የወታደሩን ጫማ ክር እንኳ አልተውኩም። ፊታቸው ላይ ስደርስ ቅንድብ፣ አፍንጫና አፍ አደረግሁላቸው፤ የዓይናቸውን ቦታ ባዶ ተውኩት። ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም፤ ወፎቼ ሁሉ እንደዚያ ናቸው። እዚህ ሙሽራ እንደሌለች ግን አላሰብኩም።

ካድሬው እየዞረ ሲያይ እኔ ዘንድ ሲደርስ ቆመ።

"ጓድ መምህር፣ እስቲ ይምጡ። ወዝ አደሩን አሳውራዋለች።"

"ሦስቱንም ነው" አለ መምህሩ ቀርቦ።

"ወታደሩንም? ወታደሩ ካላየ በምን ያነጣጥራል? ይህ መልእክት ነው ወይስ ምንድን ነው?"

በዚያን ጊዜ መልእክት ነው የተባለ ነገር ሰው ይበላ ነበር። መምህሩ ገብቶታል። ወረቀቱን አንስቶ "እጁን ይመልከቱት" አለ። "እንዲህ ያለ እጅ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ማንም አልሠራም። ጊዜ አጥሯት ነው።" ወደ እኔም ዞሮ "አይደል? ጊዜ አጥሮሽ ነው" አለኝ።

አዎ ብል በቃ። ራሴን መነቅነቅ እንኳ ይበቃኝ ነበር። ዕድሜ ልኬን ዝም ያልኩ ሰው፣ ዝም ማለት በሚያዋጣበት በዚያች ሰዓት አፌ ተከፈተ።

"አልረሳሁም፣ ጊዜም አላጠረኝም" አልኩ። "አባባ አይፈቅድም።"

ካድሬው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። "አባትሽ ሕዝቡ እንዲያይ አይፈቅድም?"

"ወፎቹም እንዲያዩ አይፈቅድም" አልኩ። ነገሩን ያቀለልኩ መስሎኝ ነው።

"ነገ ይምጣና ራሱ ይንገረን" አለ።

አክስቴ ስትሰማ የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች። "አንቺ ልጅ፣ ሥዕል ተማሪ አልኩሽ እንጂ ወንድሜን አስጠሪ አልኩሽ?" እያጉረመረመች ወጥታ ወደ ደሴ በሚመለስ ሾፌር ላከችበት።

አባባ በማግስቱ ጠዋት መጣ። የዒድ ኮቱን ለብሷል፤ በእጁ ደግሞ አንድ ከረጢት ይዟል። ውስጡ ጋቢና ዳቦ ነበር። ቢሮ የተጠራ ሰው መቼ እንደሚመለስ ስለማያውቅ እንደዚያ ይዞ ነው የሚሄደው። አላየኝም። ከረጢቱን እግሩ ሥር አድርጎ ተቀመጠ። እኔ በሩ አጠገብ ቆምኩ።

"አባት፣ ልጅዎ ሕዝቡን ዕውር አድርጋ የሣለችው በእርስዎ ትእዛዝ ነው?" አለ ካድሬው።

"ስለ ሕዝቡ ያዘዝኩት የለም። ወፍም ቢሆን ዓይን አትሥሪ ብያለሁ።"

"ለምን?"

"ዓይን ካለው ሙሉ ነው። ነፍስ ስጪው ስትባል ምን ልትመልስ ነው?"

"ማን ነው እንዲህ የሚላት?"

አባባ ሰውዬውን ቀና ብሎ አየው፤ መልሶም ከረጢቱን ማየት ጀመረ።

መምህሩ መሀል ገባ። "በእኔ ይሁን፣ አባት። ያዘዝኳት እኔ ነኝ። ስትጠየቅ እኔ እመልስላታለሁ።"

"አላህ ይስጥልኝ" አለ አባባ። "ግን የሚዛወር ነገር አይደለም።" ትንሽ አሰበ። "ፊታቸውን አዙራ ብትሥላቸውስ?"

"ጀርባቸውን?" አለ ካድሬው።

"ወደፊት እየሄዱ ነው አይደል የሚባለው? ከኋላ ያለን ሰዎች የሚታየን ጀርባቸው ነው።"

መምህሩ ሳል ያዘው።

"ወዝ አደር ለሕዝብ ጀርባውን አይሰጥም" አለ ካድሬው።

"እንግዲያ ይተኙ። ደክሟቸው ይሆናል።"

እንዲህ ሲባባሉ ቆዩ። አባባ ገበሬው ኮፍያውን ወደ ታች ይጎትት ይላል፤ ካድሬው ገበሬው ከማን ይደበቃል ይላል። እኔ እዚያው በሩ አጠገብ እንደ መጥረጊያ ቆሜያለሁ። ለዚህ ቦታ ያን ሁሉ በር ያንኳኳሁት እኔ ነኝ፤ ከዚህ ሌላ የሚቀበለኝ ቦታ እንደሌለ የማውቀውም እኔ ነኝ። ከሦስቱ አንዱ እንኳ ወደ እኔ አልዞረም። የያዘኝ ፍርሃት መስሎኝ ነበር፤ ብስጭት ነበር።

በመጨረሻ መምህሩ "ቆዩ እስቲ፤ እሷስ ምን ትላለች?" አለ።

ሁሉም ዞሩ። መሬት መሬት እያየሁ "ዓይንም መማር እፈልጋለሁ" አልኩ።

"ምን አልሽ?" አለ አባባ። ሰምቶኛል። ሲደግሙኝ እንደምተው ያውቃል።

"ዓይንም መማር እፈልጋለሁ፣ አባባ።"

"ወላሂ ብለሽኛል።"

"ብያለሁ።"

ወደ እኔ ዞሮ ተቀመጠ። ከዚያ ሌሎቹ እንደሌሉ ሁሉ ለእኔ ብቻ ይናገር ጀመር። "መሐላ ያፈረሰ ሰው ምን እንደሚያደርግ ታውቂያለሽ?"

"ዐሥር ድሃ ያበላል።"

"ዐሥር ድሃ ማብሊያ ከየት አለን?"

"ሦስት ቀን እጾማለሁ።"

"ትጾሚያለሽ። የቀረውን አንቺና ጌታሽ ታውቃላችሁ። ፈቅጃለሁ አልልም፤ ከልክያለሁም አልልም።" ከረጢቱን አንስቶ ቆመ።

"ምን ተባባሉ?" አለ ካድሬው ለመምህሩ።

"ተስማምተዋል።"

"እንግዲያ ዓይኖቹን አሁኑኑ ታስገባ። እዚሁ ልይ።"

ከሰሉን ያዝኩ። ሠርቼ የማላውቀው ነገር ነው። የመጀመሪያው ባቄላ መሰለ። አጠፋሁት። ሁለተኛው ደግሞ የቁልፍ ቀዳዳ ሆነ።

"የሰው ዓይን አይተሽ አታውቂም እንዴ?" አለ መምህሩ በቀስታ።

እውነቱን ነው። የደሴን ሰው ግማሹን በጫማው ነው የማውቀው። "ወደ እኔ ተመልከቺ" ቢለኝ አንገቴ እምቢ አለኝ። ወደ ካድሬውማ አይታሰብም። አባባ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ቀና ብዬ እሱን አየሁት፤ ልሠራው ያሰብኩት የእሱን ዓይን እንደሆነ ገብቶታል። ፊቱን ያዞራል ብዬ ጠበቅሁ።

"ቶሎ በያ" አለኝ። "የደሴ መኪና ያመልጠኛል።"

ቶሎ ብዬ ሠራሁ። ወዝ አደሩ እንቅልፍ ያጣ ሰው መሰለ። ወታደሩ አንዱ ዓይኑ ከሌላው ከፍ ብሎ የገበሬውን ማጭድ ያያል። ካድሬው ወረቀቱን ራቅ አድርጎ ይዞ "ያያሉ" አለና ስሜን ከዘፋኞቹ ወደ ሠዓሊዎቹ አዛወረው። መምህሩ ግን "ሰኞ የምንጀምረው በዓይን ነው" አለኝ። አባባ ሰላምታ ሰጥቶ ወጣ።

ሰኞ ጀመርኩ፤ ጾሙንም እንደዚያው። ምሳ ሲደወል ሌሎቹ ሳህናቸውን ይዘው ሲሰለፉ እኔ ከወረቀቴ አልተነሣሁም። በሦስተኛው ቀን ካድሬው መጥቶ ከላዬ ቆመ።

"አንቺ ልጅ፣ መንግሥት የሚያበላሽን ምሳ ለምንድን ነው የማትበይው?"

"አልራበኝም" አልኩት። እውነቱን ብነግረው አባባን እንደገና ያስጠራብኛል።