አቶ ገመዳ የተሰደቡበት ፍርድ

ባለፈው ቅዳሜ ኦክላንድ፣ ቴሜስካል የሚባለው ሰፈር ምሳ ስንበላ፣ በዲቪ ከመጣ ሁለት ዓመት ያልሞላው የእህቴ ልጅ ከስልኩ ቀና ብሎ፣ "ጋሼ ሰሙ? አገር ቤት አንድ የወርቅ ካምፓኒ በጊዜው ሥራ አልጀመርክም ተብሎ ላይሰንሱን ካንስል አደረጉበት። ሱ ማድረግ አለበት እኮ!" አለኝ። እኔ ሳቄ መጣ። ምን ያስቃል ቢለኝ፣ "በእንዲህ ያለ ክስ ስማቸው የተመለሰላቸው ሰው አውቅ ነበር" አልኩት። እሱ ግን ዓይኑ ወደ ስልኩ ተመልሶ ነበርና ወሬው እዚያው ቀረ። እዚህ ልጻፈው።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። በርክሌይ አንድ ትልቅ ላይብረሪ ውስጥ፣ ሰው አንብቦ የተዋቸውን መጻሕፍት ወደ መደርደሪያቸው እመልሳለሁ። "ላይብረሪ ነው የምሠራው" ስል የአገሬ ሰዎች እንደ ምሁር ስለሚቆጥሩኝ፣ እኔም አላስተባብልም ነበር።

አቶ ተርፋሳ ኤል ሴሪቶ የሚኖሩ፣ ኦክላንድ መሀል ከተማ የመኪና ማቆሚያ የሚጠብቁ፣ ስድሳ የተጠጉ ሰው ነበሩ። ቁመታቸው ረጅም፣ ንግግራቸው አጭር። የቤተ ክርስቲያናችን ሰበካ ጉባኤ ሊቀ መንበር እንዲሆኑ ሲጠቆሙ አንድ የአገራቸው ሰው ተነሣና፣ "የባንዳ ልጅ አይመራንም" አለ። "ጣልያን የገባ ጊዜ አባቱ የወርቁን ወንዝ ሊያሳይ ሁለት ዓመት ፊት ፊት ሲመራ አገር ያውቀዋል።" ይቆጣሉ ብለን ስንጠብቅ አቶ ተርፋሳ ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጡ። በእኛ ዘንድ ደግሞ መልስ ሳይሰጥ የወጣ እንዳመነ ይቆጠራል።

በሳምንቱ ላይብረሪው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

"ልጄ፣ ሰውዬው አልዋሸም" አሉኝ። "አባቴ መርቷቸዋል። ለምን እንደሆነ ሳልጠይቀው፣ ስምንት ዓመት ሳይሞላኝ ወባ ገደለው። የመራው የጣልያን ወርቅ ካምፓኒ ግን ፈቃዱን ሲሰርዙበት የጣልያንን አስተዳደር ከሶ ነበር ሲባል ሰምቻለሁ። ጣልያን የጻፈውን አይጥልም ይላሉ። እዚህ ላይብረሪ ይኖር ይሆን?"

"ቢኖር ምን እንዲል ይፈልጋሉ?"

"እውነቱን። ባንዳ ከነበረም አውቄው ልቀመጥ። እኔን የገደለኝ አለማወቁ ነው።"

ሦስት ሳምንት ፈለግሁ። ጣልያኖች በቅኝ ግዛቶቻቸው የፈረዷቸው ፍርዶች የታተሙበት ወፍራም ጥራዝ ምድር ቤት ውስጥ ነበር፤ አቧራውን ላየው ከእኔ በፊት የገለጠው ሰው ያለ አይመስልም። ጣልያንኛ ባላውቅም አቶ ተርፋሳ የነገሩኝን የወንዙን ስም ማውጫው ላይ በላቲን ፊደል አየሁት። ዘጠኝ ገጽ ኮፒ አድርጌ እየሮጥኩ ወጣሁ ብል አልዋሸሁም።

የሚያነብልን ሰው ሩቅ አልነበረም። ቴሜስካል እኛ ኢትዮጵያውያን ምግብ ቤት ከመክፈታችን በፊት የጣልያኖች ሰፈር ነበር፤ እኔም የጓሮ ክፍል የተከራየሁት ባላቸው ከሞቱባቸው ጣልያናዊ አሮጊት፣ ከሚስስ ሮዛ ነበር። ጊዜው መስከረም ነው። እዚህ መስከረም አደይ የለውም፤ ኮረብታው ደርቆ ገለባ ይመስላል፣ በለሱ ግን ያኔ ነው የሚበስለው። አቶ ተርፋሳ አሮጌ ቶዮታቸውን በሳን ፓብሎ ጎዳና እያዘገሙ መጡ። ክራባት አስረዋል። ሚስስ ሮዛ ሥጋና አይብ አቀረቡ፤ ረቡዕ ነበርና ጾም ነው አልኳቸው። ሳይቀየሙ አንሥተው ከጓሯቸው የለቀሙትን በለስና የወይራ ዘይት የነካ ዳቦ ተኩልን።

እሳቸው እያነበቡ በእንግሊዝኛ ያስረዱኛል፤ እኔ በአማርኛ ለአቶ ተርፋሳ እነግራለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። ካምፓኒው በሁለት ዓመት ውስጥ ቁፋሮ ካልጀመረ ፈቃዱ እንዲሰረዝ ተዋውሏል። አልጀመረም፣ ተሰረዘበት። "ጥፋቱ የእኛ አይደለም፣ መሪው አሳሳተን" ብሎ ከሰሰ። ዳኞቹ ደግሞ "መሪውን የመረጣችሁት እናንተ ናችሁ" ብለው ፈረዱበት።

ከዚያ ሚስስ ሮዛ የካምፓኒው መሐንዲስ የሰጠው ቃል ላይ ደረሱና ፈገግ አሉ። የነገሩኝን ስሰማ እኔ ደነገጥሁ። መሐንዲሱ የአቶ ተርፋሳን አባት፣ አቶ ገመዳን፣ በስማቸው ጠርቶ እንዲህ ይላል፦ "ከቤቱ ኋላ ያለውን ወንዝ የማያውቅ አህያ ነው። ሁለት በጋ ሙሉ በደረቅ ሸለቆ አንከራተተን። ወርቅ አሳየን ስንለው የሚያብለጨልጭ ድንጋይ እያነሣ ይስቅልናል።"

እስቲ ፍረዱኝ። ለአባታቸው ስም ክራባት አስረው የመጡ ሽማግሌ ፊት ቁጭ ብዬ፣ አባትዎ አህያ ተብለዋል ልበል? እናቴ እንዲያ አድርጋ አላሳደገችኝም። ጉሮሮዬን ጠረግሁና፣ "መሐንዲሱ የሚለው፣ አባትዎ የሚችሉትን ሁሉ ደክመዋል፤ ብቻ አካባቢውን በደንብ አያውቁትም ነበር ነው" አልኩ።

አቶ ተርፋሳ የያዙትን በለስ ሳህኑ ላይ መለሱት። "የሚችለውን ሁሉ ደከመላቸው?"

"አዎን።"

"እንግዲያው ባንዳ ነበር" አሉና ባርኔጣቸውን ፈለጉ። ፊታቸው ላይ የነበረው ብርሃን ሁሉ ጠፋ።

ሚስስ ሮዛ ግራ ገባቸው። "ምን ሆኑ? እኔ እኮ ይስቃሉ ብዬ ነበር። አህያ መባላቸውን ነገርካቸው?"

"አልነገርኳቸውም። ነውር ነው።"

ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት። "የዳኛ ወረቀት እንድታሳምረው አይደለም የተሰጠህ! እንደተጻፈ ንገራቸው!"

ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ እንደተጻፈ ነገርኳቸው። አህያውን፣ ድንጋዩን፣ ሳቁን፣ ሁሉንም።

"ከቤቱ ኋላ ያለውን ወንዝ?" አሉ ቀስ ብለው።

"አዎን።"

"ልጄ፣ አባቴ እኮ እዚያው ወንዝ ዳር ተወልዶ፣ ከእናቱ ጋር በገበቴ ወርቅ ሲያጥብ ያደገ ሰው ነው! ዓይኑን ቢጨፍን እንኳ የቱ ድንጋይ ሥር እንዳለ ያውቃል!"

ሳቁ። እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። ሳቃቸው ሳይቆም እንባቸው መጣ፤ ሚስስ ሮዛም አማርኛው ሳይገባቸው ነገሩ ገብቷቸው፣ እጃቸውን ይዘው "ብራቮ! ብራቮ!" ይላሉ። እኔ አፍሬ በለስ እበላለሁ።

ሲረጋጉ አቶ ተርፋሳ የልጅነታቸውን አጫወቱኝ። "ጣልያን ገና ሳይወጣ ነው፤ ልጆቹ የባንዳ ልጅ እያሉ በድንጋይ ያባርሩኝ ነበር። እያለቀስኩ ቤት እገባለሁ። አባቴ ራሴን ይዳብሰኝና ዝም ይላል፤ አንድ ቃል አይወጣውም። አፍሮ ይመስለኝ ነበር።"

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ወረቀቱን አስነበቡኝ። "እንዳታሳምረው" ብለውኛል። አህያ የሚለው ላይ ስደርስ አንዲት ሴት እልል አለች፣ ከዚያ ሁሉም ተቀበላት። ያ የባንዳ ልጅ ያላቸው ሰው ከመቀመጫው ተነሥቶ መጥቶ ትከሻቸውን ስሞ ይቅርታ ጠየቀ። ሊቀ መንበርነቱን ግን አልተቀበሉም፤ ከመጀመሪያውም ስብሰባ አይወዱም ነበር።

አቶ ተርፋሳም ሚስስ ሮዛም ካረፉ ቆይተዋል። ያኔ የአቶ ገመዳ ብልሃት አስደንቆኝ ለወዳጆቼ ሁሉ አወራሁት። ወርቁ እግራቸው ሥር እያለ ድንጋይ አንሥቶ ለመሳቅ ምን ያህል ልብ ይጠይቃል! አሁን ልጆች አሳድጌ ካበቃሁ በኋላ ግን ይበልጥ የማደንቀው ቤታቸው ውስጥ ዝም ማለታቸውን ነው። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ልጅ ሲያለቅስ ዝም ማለት ግን ያነቅዛል። የሰባት ዓመት ልጅ አባቱ ባንዳ እንዳልሆነ ማታ ቢነገረው ጠዋት ሜዳ ላይ ይናገረዋል፤ ይህን ያውቁ ነበር። የእኔዋ ልጅ አንድ ቀን ሳን ሆዜ ከትምህርት ቤት ተሰድባ እያለቀሰች ስትገባ፣ እስክትረጋጋ እንኳ መታገሥ አልቻልኩም፤ ያለኝን ሁሉ ነገርኳት። በአቶ ገመዳ ቦታ ብሆን ኖሮ ለልጄ እነግረው ነበር። ወንዙም በማግስቱ የጣልያን ይሆን ነበር።