የሻለቃው ኮቴ

ይህን ታሪክ ሳልጽፈው ልቀር ምንም አልቀረኝም ነበር። ቂምን በመጻሕፍት ሳነብ ገባኝ ለማለት እደፍራለሁ፤ የእናቴ ወንድም ቂም ሲሆን ግን በትክክል መግለጼን እጠራጠራለሁ።

አጎቴ ለፊልም የእግር ኮቴ ድምፅ ይሠራል። ግድግዳው በአሮጌ ብርድ ልብስ በተሸፈነ ክፍል ውስጥ፣ በየሣጥኑ በተዘረጋ አሸዋና ጠጠር ላይ፣ ስክሪኑን እያየ ለተዋናዮች ይራመድላቸዋል። ሙያውን ያስተማረው ጦርነት ነው። ጭኑን ተመትቶ ጭስ ውስጥ በወደቀበት ቀን፣ አዛዡ አጠገቡ ድረስ መጥቶ፣ ቆሞ፣ ከዚያም ሮጦ ሲሄድ በጆሮው ብቻ ተከተለው። ከተመለሰ ወዲህ ጀርባውን ለበር ሰጥቶ አይቀመጥም፤ ማን እንደ መጣም ሰውየው ገና ደረጃው ላይ ሳለ ይናገራል። እናቴ «የሚሰማው ጆሮህ ሳይሆን ቁስልህ ነው» ትለዋለች።

ባለፈው ክረምት፣ ከጦር ሜዳ ተመልሰው እንቅልፍ ስላጡ ወታደሮች የሚተርክ ፊልም መጣለት። እኔ ጥግ ይዤ እያነበብኩ ነበር። ከኮሪደሩ የጫማ ድምፅ ሲሰማ አጎቴ የያዘውን ቡት ጫማ ጣለ። ዳይሬክተሯ ከፊልሙ አማካሪ፣ ከጡረተኛው ሻለቃ ጋር ገባች። ታሪኩ የሻለቃው ነው፤ በመጨረሻው ትዕይንት አዛዡ ለቁስለኛው ይመለሳል። በስክሪኑ የሚታየው ግን የቁስለኛው ፊት ብቻ ስለሆነ፣ መመለሱን የሚነግረን ኮቴው ነው።

«ጋሼ፣ ይህችን ኮቴ አደራ» አለች ዳይሬክተሯ።

«እኔ አንካሳው የጀግና እርምጃ ከየት አመጣለሁ? ባለቤቱ እያሉ! ሻለቃ፣ እርስዎ ይራመዱልን።»

«ሰነፍ! ሥራህን እኔ ላይ ትጥላለህ?» ብሎ ሻለቃው ሳቀ፤ ጠጠሩ ላይ ግን ወጣ።

አጎቴ ማይክሮፎኑን ከፍቶ ጠጠሩ ጫፍ ላይ በጀርባው ተንጋለለ።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ቁስለኛ ከሌለ ወደ ማን ይመለሳሉ? ይምጡ።»

ሻለቃው ተራመደ። አጠገቡ ደርሶ ፊቱን አየና ቆመ።

«ያን ቀንም እዚህ ድረስ መጥተው ነበር» አለ አጎቴ። «አለሁ እኮ። ይጨርሱት እንጂ።»

«አንተ... ሞቷል ብዬ ነው።»

«ውሸት። ስሜን ጠርተው አቤት ብዬዎታለሁ።»

ሻለቃው ዞረ፤ መጀመሪያ በእርምጃ፣ ከዚያ በሩጫ፣ ጠጠሩን እየበተነ በሩን ከፍቶ ወጣ።

የዳይሬክተሯ ፊት አመድ መሰለ። «ምነው አስቀድመው ቢነግሩኝ፣ ጋሼ?»

«የወጋ ቢረሳ... ታውቂው የለ፣ ልጄ። ብነግርሽ ኖሮ የእኔ ቃል ከእሱ ቃል ጋር ሲነታረክ ይኖር ነበር። አሁን ራሱ ተናገረ።»

ይቅር ይለዋል ብዬ ነበር፤ ያነበብኳቸው መጻሕፍት የሚያልቁት እንዲያ ነው። አጎቴ ግን ድምፁን ደጋግሞ አዳመጠ፤ ባዳመጠ ቁጥርም ፈገግ አለ። ዳይሬክተሯም አልቀየረችውም፤ ፊልሙ በዚያው ኮቴ አለቀ፦ መጣ፣ ቆመ፣ ሸሸ። አጎቴ የለመነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በማብቂያው የስም ዝርዝር ላይ የኮቴው ባለቤት ስም ከነማዕረጉ እንዲጻፍ። ተጻፈም።

የአጎቴ ክፍያ በቀን ነው፤ አንድ ጥንድ አዲስ ጫማ አይገዛም፤ የዚያን ቀን ዋጋውን ግን በዚያ ስም ተቀበለ።