እንፋሎትና ጎዶሎ ቁጥር

ላውንደሪው ውስጥ ሁሉም «ተኳሿ» ነው የሚሏት። ስሙን ያወጣላት ሻምበል ነው፤ በጡረታ የተሰናበተ ወታደር፣ አሁን የማጠቢያ ማሽኖቹ አለቃ። ሥራ የጀመረች ቀን የካውያ አያያዟን ቆሞ ሲያይ ቆየና «ዕድሜ ልኬን ተኳሽ ነኝ እያልኩ ስፎክር ኖሬ፣ ለካ ተኳሽ እንዲህ ነው!» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ ስሙም በዚያው ጸና።

ተኳሿ ቀጠን ያለች፣ ከካውያ ብዛት ቀኝ ትከሻዋ ዘንበል ያለ፣ ቃል የማታባክን ሴት ናት። ቦታዋ ከጓሮው መስኮት ሥር ነው። በስተግራዋ የታጠበው ክምር፣ በስተቀኟ የተተኮሰው መስቀያ፣ ከፊቷ ጠረጴዛው፣ ከራሷ በላይ ቀኑን ሙሉ የማይጠፋ እንፋሎት። ደንበኛ ሸሚዙን ሊወስድ ሲመጣ አንገትጌውን ዳበስ አድርጎ፣ አመስግኖ ይሄዳል። የሚያመሰግነው ባንኮኒ ላይ ያለችውን ልጅ ነው። ተኳሿን ይህ አስከፍቷት አያውቅም። የሚያስከፋት ሌላ ነገር ነበር።

አንድ ልጅ አለቻት። ባሏ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ ልጅቷ ገና ፊደል ስትቆጥር እንደወጣ ቀረ። መኪናው ገደል ገባ ተብሎ ተነገራት። ከዚያ በኋላ ልጅቷ ያደገችው እዚሁ ላውንደሪ ውስጥ፣ በተሰቀሉ ካፖርቶች መሃል ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከመተኮሻው ጠረጴዛ ሥር ትገባና ከልብስ ላይ የረገፉ አዝራሮችን ጥንድ ጥንድ ታደርጋለች። አንድ የተረፈ እንደሆነ ዓይኗ እንባ ያቀርራል።

«እማዬ፣ ይሄ ጓደኛ የለውም።»

እናቷ ከራሷ ጋውን ላይ ቆርጣ አንድ ልትጨምርላት ስትል ደግሞ ትቆጣለች። «ተዪው! ጎዶሎ ቁጥር ነው። ጎዶሎ መሆን መብቱ ነው!»

ሻምበል ይህን ሰምቶ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ልጅቷ ለእናቷ «ጎዶሎዬ» ሆነች።

ጎዶሎ አደገች። ቁጥር ያለበትን ሁሉ እንደ ከረሜላ እየቆረጠመች ትምህርቷን ጨረሰችና፣ ውሃና አየር እንዴት እንደሚፈስ በሒሳብ የሚመረምሩበት አንድ ሩቅ አገር ዩኒቨርሲቲ ተቀበላት። በሄደችበት ቀን ተኳሿ ሥራ ገብታ ዋለች። ቤት ብትውል የምትሆነውን ታውቀዋለች።

ልጅቷ እሁድ እሁድ ትደውላለች። ተኳሿ ከጠዋት ጀምሮ ስልኩን አጠገቧ አድርጋ ትጠብቃለች፤ ስልኩ ሲጮኽ ግን ሁሉም ነገር ከአፏ ይጠፋል።

«እማዬ፣ ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ ልጄ። አንቺስ? በላሽ?»

«በላሁ። ትከሻሽስ?»

«ደህና ነው። ብርዱስ? ትለብሻለሽ አይደል?»

«እለብሳለሁ።»

ወሬው እዚያ ያልቃል። አንዷ ሳል ቢጤ ታሰማለች። «በይ እንግዲህ» ትላለች ሌላዋ። ስልኩ ሲዘጋ ቤቱ ከበፊቱ ይብሳል። ያቺ አፏ የማያርፍ ልጅ፣ «እማዬ ይሄ ለምን ሆነ፣ ያ ለምን አልሆነም» እያለች ጆሮዋን ስትበላት የነበረችው ልጅ የት ገባች? በስልኩ የምትመጣው ጨዋ ሴት ናት። ተኳሿ የናፈቃት ያችኛዋ ናት።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ሻምበል ስልኩን አፍጥጦ እያየ ብቻውን ይስቃል።

«ምን አገኘህ ደግሞ?» አለችው፣ የሱሪ መስመር እያወጣች።

«እነዚህ እብዶች ናቸው እባክሽ። የሳይንስና የሒሳብ ወዳጆች ነን ብለው ግሩፕ ከፍተው ነጋ ጠባ ሲነታረኩ ነው የሚውሉት። ስሙን ‹ለምን ይሆን?› ብለውታል። እኔ የምገባው እንቆቅልሹን ወድጄ ነው። ዛሬ ደግሞ ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ እያልን ሳናቆም ብንሄድ ልክ አንድ ነው፣ የለም ትንሽ ይጎድለዋል ተባብለው ሊደባደቡ ነው። አንዷ ያለችውን ልንገርሽ?» መነጽሩን አስተካክሎ አነበበ። «‹ይጎድለዋል የምትሉ ሁሉ፣ በሁለቱ መሃል የሚገባ አንድ ቁጥር አምጡልኝ። ካጣችሁ ግን አርፋችሁ ተቀመጡ። በመሃላቸው ምንም የማይገባ ሁለት ነገር፣ ሁለት አይደለም፤ አንድ ነው።› ይቺ ጎዶሎ ቁጥር ምላሷ ምላጭ ነው!»

ተኳሿ ካውያውን አቆመችው።

«ማናት አልከኝ?»

«ጎዶሎ ቁጥር ነው የምትባለው። እዚያ ሰው በስሙ አይገባም፤ ሁሉም ቅጽል አለው። ምነው?»

«ምንም። እኔንም አስገባኝ።»

«አንቺን? ምን ልትሠሪ?»

«ልስቅ።»

ሻምበል ብዙ የማይጠይቅ ሰው ነው። ስልኳን ተቀብሎ ነካካና «ምን ብዬ ላስገባሽ?» አላት። ቀና ብላ ጣሪያውን የሸፈነውን ጉም አየች። «እንፋሎት በለኝ።»

ወደኋላ እየተመለሰች የተጻፈውን ሁሉ ማንበብ ጀመረች። አውቶቡስ ስትጠብቅ ታነባለች፤ ካውያው እስኪግል ታነባለች። ግማሹ አይገባትም፤ ገብቷት ይሁን አይሁን ግን ግድ አልነበራትም። ልጇ እዚያ ውስጥ ነበረች። ትቀልዳለች፣ ትከራከራለች፣ ስትሸነፍ «ተሸነፍኩ፣ ግን ፊቴን አታዩም» ትላለች። አንድ ቀን «ዛሬ እኩልታው እንደ በቅሎ እግሩን ተክሎ እምቢ አለኝ፤ ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ» ብላ ጽፋለች። ቀኑ እሁድ ነበር። እሁድ! በዚያው ቀን ደውላ «ደህና ነኝ» ብላት ነበር።

ተኳሿ ለመጻፍ ድፍረት ያገኘችው እንፋሎት ክንዷን የገረፋት ዕለት ነው። ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየለቀመች እንዲህ ብላ ላከች፦ «ሰላም ለሁላችሁ። የፈላ ውሃም ነክቶኝ ያውቃል፣ እንፋሎትም። እንፋሎቱ ለምን ይብሳል?»

መጀመሪያ የመለሰው ፕሉቶ የሚባል ቀልደኛ ነው። «ስሙን ስለሰረቅሽው ተቀይሞሽ ነው» አለ። ወዲያው ከሥሩ ሌላ መልእክት መጣ። ጎዶሎ ቁጥር ነበረች።

«እንፋሎት፣ አሁን ተቃጥለሽ ከሆነ መጀመሪያ እጅሽን ቀዝቃዛ ውሃ ሥር አድርጊ፤ መልሱ የትም አይሄድም። አደረግሽ? እሺ። ውሃ ፈልቶ እንፋሎት እስኪሆን ብዙ ሙቀት ይሸከማል። ከዚያ ቆዳሽን ሲነካ መልሶ ውሃ ይሆንና የተሸከመውን በሙሉ አንቺ ላይ ያራግፈዋል። የፈላ ውሃ የሚያቃጥልሽ በራሱ ሙቀት ብቻ ነው፤ እንፋሎት ግን ከነጓዙ ነው የሚመጣው። ጥያቄሽን ወደድኩት። ሌላም አምጪ።»

ተኳሿ ክንዷን ቧንቧ ሥር ዘርግታ ይህን ደጋግማ አነበበችው። «ሌላም አምጪ» ብላታለች። ልጇ ከእሷ አንድ ነገር ፈልጋ ከጠየቀቻት ስንት ዘመኗ!

አመጣች። የሱሪ መስመር ለምን በሙቀት ይያዛል? ሐር ለምን ውሃ ሲነካው ይጠቁራል? ጎዶሎ ቁጥር ሁሉንም በደስታ ትመልሳለች፤ የማታውቀውንም «እኔም ላጣራ» ትላለች። አንድ ቀን ለግሩፑ የቤት ሥራ ሰጠች፦ «የጨርቅ ቀበቶ ውሰዱ፣ አንድ ጫፉን ግማሽ ዙር ጠምዝዙና ከሌላው ጫፍ ጋር አያይዙት። ከዚያ በአንድ ፊቱ ላይ ጣታችሁን አስኪዱ።» ተኳሿ ከአንድ ካፖርት ላይ ቀበቶ መዝዛ በመርፌ ቁልፍ አያያዘችውና ጣቷን አስኬደች። ሳታነሳ፣ ጠርዝ ሳትሻገር፣ ጣቷ ከውጭ ወደ ውስጥ ገብቶ መልሶ የተነሳበት ደረሰ። ሁለት ፊት የነበረው ጨርቅ አንድ ፊት ብቻ ሆኖ ቀረ። እሷና ሻምበል ተያይተው እንደ ሕፃን ተንከተከቱ። የካፖርቱ ባለቤት ባንኮኒው ጋ ቆሞ ቀበቶውን ይጠብቅ ነበር።

ሥራዋ ላይ ችግር መጣ። አንድ ከሰዓት ስልኳ ላይ አፍጥጣ የነጭ ሸሚዝ አንገትጌ አሳረረች። የላውንደሪው ባለቤት መጥታ «አንቺ? አንቺ ታሳርሪ?» ብቻ ብላ ሄደች። ከዚያ ጀምሮ ስልኩ ለምሳ ሰዓት ሆነ። እጇ ሲሠራ ግን ልቧ እዚያው ግሩፕ ውስጥ ነበር።

ግሩፑ ውስጥ አልፎ አልፎ ከሳይንስ ወጣ ያለ ወሬም ይወራል። አንድ ቀን ፕሉቶ «ለመሆኑ ነገር መጠየቅ ያስጀመራችሁ ማነው?» አለ። አንዱ አያቴ፣ ሌላው የፊዚክስ አስተማሪዬ ሲሉ ቆይተው ጎዶሎ ቁጥር ጻፈች።

«እናቴ። ጠረጴዛ ሥር ተቀምጬ የጠየቅኳትን ሁሉ ካውያዋን ሳትለቅ ትመልስልኝ ነበር፤ የማታውቀውን ደግሞ ‹ስታድጊ መጥተሽ ትነግሪኛለሽ› ትለኝ ነበር። አደግኩ። ልነግራት ስጀምር ግን ‹በላሽ?› ትለኛለች። የምሠራው ነገር የሚያሰለቻት ይመስለኛል። እዚህ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር እንዲህ እያወራሁ እሷን እንዴት እንደማወራት ጠፋኝ።»

ተኳሿ ያን ቀን ምሳዋን አልነካችም። ሻምበል ወንበሩን ሳብ አድርጎ መጣ። እሱም አንብቧል፤ ካውያ የሚለውን ሲያይ ነው ነገሩ የበራለት።

«ያቺ የአዝራሯ ልጅ ናት እንዴ?»

ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«ታዲያ አታውቅም? አንቺ መሆንሽን?»

«ካወቀች ደህና ነኝ ማለት ትጀምራለች» አለች። «እንፋሎትን ትወዳታለች እኮ።»

«እንፋሎትስ ማናት፣ አንቺ አይደለሽም? ነፍሴ፣ ንገሪያት። ከሌላ አፍ ሰምታ ከምታውቅ።»

እሁድ ስልኩ ጮኸ። ደህና ነሽ ተባባሉ። ተኳሿ «በላሽ» የሚለው አፏ ጫፍ ላይ ደርሶ ዋጠችው።

«ልጄ፣ ዛሬ ምን አስቸገረሽ? ያ እኩልታ አሁንም እንደ በቅሎ ነው?»



«ምን አልሽ?»

«እንፋሎት እኔ ነኝ» አለች ተኳሿ።

ትስቅ ይሆናል ብላ ጠብቃ ነበር። አልሳቀችም። «ከመቼ ጀምሮ?» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ። «የጻፍኩትን ሁሉ አንብበሻል? ያለቀስኩበትንም? ስለ አንቺ የጻፍኩትንም?»

«አንብቤያለሁ።»

«እማዬ፣ እዚያ የምጽፈው ማንም እንዳያስብልኝ ብዬ ነበር እኮ። ለማንም ሳልጨነቅ የማወራበት ቦታ እሱ ብቻ ነበር። እንዴት ዝም ትያለሽ?»

«ናፍቀሽኝ ነዋ። ሌላ የት ላገኝሽ?»

ልጅቷ «በኋላ እደውላለሁ» ብላ ዘጋች።

በሚቀጥለው እሁድ ስልኩ አልጮኸም፤ ከዚያ በኋላ ባለውም አልጮኸም። ጎዶሎ ቁጥር ከግሩፑም ጠፋች። ሰዎቹ «የት ገባሽ?» እያሉ ይጽፋሉ፤ ፕሉቶ ሒሳብ የሞተ ይመስል በቀልድ የሐዘን መግለጫ አወጣ። ተኳሿ ይህን ስታይ ከግሩፑ ወጣች። ቦታውን የነጠቅኳት እኔ ነኝ፣ ልመልስላት ብላ ነው። ካውያዋን ይዛ ስትውል ሻምበል እንኳን ቀልድ አይሞክርም ነበር።

አንድ እሁድ ስልኩ ጮኸ። ደህና ነሽ አልተባባሉም።

«ግሩፑ ውስጥ ስገባ የለሽም» አለች ልጅቷ። «ለምን ወጣሽ?»

«ላንቺ ብዬ ነው።»

«ስለ ሐር ጠይቀሽኝ አጣርቼ ይዤ መጥቼ ነበር። ለማን ልንገረው?» ቀጠለች። «ተናድጄ ነበር። አሁንም ትንሽ አለብኝ። ግን ያንን ሁሉ የምትጠይቀኝ እናቴ ናት ብዬ ሳስብ፣ የበለጠ ያበሸቀኝ ስንት እሁድ በከንቱ ማለፉ ነው።»

«የምትይው አይገባኝም ብዬ አስብ ነበር። እንዳላሳፍርሽ ብዬ ነው በላሽ የምልሽ።»

«በሞቴ? ለዚህ ነው?»

«ለዚህ ነው። መብላትሽንም እፈልጋለሁ እንግዲህ።»

ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቁ ሲያልቅም ስልኩ አልተዘጋም። ስለ ሐሩ ነገረቻት፤ ከዚያ ስለ እኩልታው። በቧንቧ ውስጥ ረጋ ብሎ ሲሄድ የነበረ ውሃ በድንገት የሚረበሽበትን ነጥብ ነው የምትፈልገው። ተኳሿ ግማሹ ሳይገባት «እሱስ ለምን?» እያለች ጠየቀች።

ተኳሿ ወደ ግሩፑ ተመለሰች። ነገሩ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ጎዶሎ ቁጥር አሁንም ትቀልዳለች፣ ምላሷም አልዶለዶመም፤ ሆኖም ደረጃ ላይ ማልቀስን የመሰለ ነገር ከእንግዲህ አትጽፍም። እናቷ እንደምታነብ ታውቃለች። ያቺ ለማንም ሳትጠነቀቅ የምትናገር ልጅ ምናልባት ሌላ ስም አውጥታ ሌላ ቦታ ገብታ ይሆናል። ተኳሿ ልትፈልጋት አልሄደችም። አንዳንዴ፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ የድሮዎቹን መልእክቶች ከፍታ ታነባቸዋለች እንጂ።

ልትመጣ የታሰበበት ክረምት ሲደርስ ልጅቷ ሥራው እንዳላለቀና እንደማትመጣ ነገረቻት። ተኳሿ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። «ሥራሽ ይበልጣል» ልትል ነበር፤ ተወችው።

«በጣም ነው የናፈቅሽኝ» አለች።

«እኔም እማዬ። አሁን ግን ለነገ የማደርሰው ስላለኝ ልዝጋው።»

«አትዝጊው። ማውራት የለብሽም፣ ሥሪ። ስልኩን ብቻ ጠረጴዛው ላይ ተዪልኝ።»

ልጅቷ ሳትዘጋው ተወችው። ተኳሿ ስልኩን ትራሷ ላይ አድርጋ የታጠበ ልብሷን ማጠፍ ጀመረች። ከዚያ ማዶ ወረቀት ይገለጣል፣ እርሳስ ይጫራል፣ ወንበር ይንቋቋል። አንዴ ልጅቷ ለራሷ «አይ፣ አይሆንም» ስትል ሰማች፤ ከዚያ እርሳሱ እንደገና መጫር ጀመረ።