የቀንዓ አወዳደቅ

ጎረቤቴ ቀንዓ ወድቆ እንጀራውን የሚበላ ሰው ነው። በ2008 ዓ.ም. ሲጀምር ወንበር ላይ የሚቀመጥ መስሎ መሬት ላይ ዘጭ ይል ነበር፤ በቃ፣ ሥራው ይኸው ነው። «ትንሽ ቆይቶ ይተወዋል» ብዬ ነበር። የት ይተዋል! ከአምቦ እስከ እጃጂ ያለ እሱ ሠርግ አልደምቅ አለ።

ይዘፍናልም። ድምፁ ደግሞ የዋዛ አይደለም። ግን አንድ ጊዜ ጊንጪ ላይ ገና አፉን ሲከፍት ሰው፣ «አሁን ሊወድቅ ነው» እያለ ይስቅበት ጀመር። በጣም ተናደድኩ። ዘፈኑን እንኳ አስጨርሱት እንጂ!

በ2013 መቲን ወደደ። እንደ ደንቡ ሦስት ሽማግሌዎች ሆነን ከአባቷ ከኦቦ ሚልኬሳ ደጅ ቆምን። ኦቦ ሚልኬሳ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው፤ ሲስቁ ያየ ተማሪ የለም። ሁለቴ መለሱን። በሦስተኛው፣ «ዘፈኑ ይሁን። በሰው ፊት የሚንደባለል አማች ግን አልፈልግም። ቃል ይግባልኝ» አሉ።

ቀንዓ ቃል ገባ። ስምንት ወር ሙሉ ቆሞ ብቻ ዘፈነ። የሚጠራው ሰው ቢቀንስም፣ «መቲ ትበልጥብኛለች» ይል ነበር።

ሠርጉ ጥር ላይ ሆነ። ሙሽራው ለመቲ ያወጣላትን ዘፈን በኦሮምኛ ሲያዜም ድንኳኑ ጸጥ አለ። ማንም አልሳቀም። እኔ እንዲያውም አለቀስኩ፤ ምን ያሳፍራል?

ቀጥሎ ኦቦ ሚልኬሳ ሊመርቁ ተነሡ። ጋቢያቸውን አስተካክለው ሁለት እርምጃ እንደሄዱ የማይክሮፎኑ ገመድ እግራቸውን ጠለፋቸውና በሰው መሀል ተዘረሩ። ከኋላ አንዱን ሳቅ አመለጠው። እሳቸው ፊታቸውን በጋቢ ሸፍነው ቀሩ፤ መነሣት አፈሩ።

ቀንዓ መቲን አየት አደረጋት። ከዚያ ሊያነሣቸው እንደሚሮጥ ሰው ሆኖ ገመዱ ላይ ደረሰ፣ ተንገዳገደ፣ አንድ ሰሃን ዳቦ ይዞ ተገለበጠና አጠገባቸው ዘጭ አለ። ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ።

«ተመካክረው ነው! አማትየውም ያውቁበታል ለካ!» እያለ ሰው ሁሉ አጨበጨበ።

እኔ ቅርብ ነበርኩና ሰማሁት። «ዲፋማ፣ አባ። ይቅር ይበሉኝ፣ ቃሌን አጠፍኩ» አላቸው በሹክሹክታ።

ኦቦ ሚልኬሳ ጋቢውን ገለጥ አደረጉ። ዓይናቸው እንባ አቅሯል።

«ተወው፣ የኔ ልጅ» አሉት። «ብቻ ቀድመኸኝ እንዳትነሣ። አብረን እንነሣለን።»