አባዬ የደፈናቸው ቀዳዳዎች

«መቼ ነው መጥተሽ ሥራዬን የምታዪው?»

አባዬ ይሄን ስንት ጊዜ እንደጠየቀኝ አላስታውስም። የሚሠራበት ጎልፍ ኮርስ ፒዮሪያ መንገድ ላይ ካለው አፓርታማችን በመኪና ሃያ ደቂቃ ነው። ድሮ የተሠራ ነው፤ በዛፍ ስለተከለለ ብዙ የዴንቨር ሰው መኖሩን እንኳን አያውቅም። አባዬ ግን ስለሱ ማውራት ከጀመረ አያባራም። ኳሷ የምትገባበትን ቀዳዳ በየማለዳው ቦታ የሚቀይረው እሱ ነበር። አዲስ ይቆፍራል፣ ከዚያ ያወጣውን አፈር ከነሣሩ ወስዶ የትናንቱን ይደፍንበታል።

«ምን ይታያል አባዬ? ሣር ነው» እለዋለሁ።

«ሣር ብቻ? አንቺ ኮሌጅ ገብተሽ ጭራሽ ባሰብሽ እኮ!» ብሎ ይስቃል።

«እሺ በቃ፣ ስመረቅ እመጣለሁ።»

ልመረቅ ሁለት ወር ሲቀረኝ ሞተ። ልቡ ነው።

ልቅሶው ላይ አንድ ነጭ ሽማግሌ መጡ። የጎልፍ ኮርሱ አባል ናቸው፤ አርባ ዓመት ግድም እዚያ ተጫውተዋል። በሩ ላይ የተደረደረውን ጫማ ሲያዩ የራሳቸውንም አወለቁና ነጠላ ከለበሱት እናቶች መሀል በካልሲ ቁጭ አሉ። ሲወጡ «ከፈለግሽ አስጎበኝሻለሁ» አሉኝ። ቁጥራቸውን ያኔ በነበረችኝ ተጣጣፊ ስልክ ሴቭ አደረግኩ።

ከተመረቅኩ በኋላ፣ ጁን ላይ ሄድኩ። ፓርክ አድርጌ ስወርድ ካርት በሚሏት ትንሽ የሜዳ መኪና ላይ ተቀምጠው እየጠበቁኝ ነው። ጉብኝቱ ግን አናደደኝ። ይሄን ጉብታ የሠራው ከስኮትላንድ የመጣ ሰው ነው ይሉኛል፣ አፈሩን በበቅሎ እያስጎተተ። ያንን ዛፍ መብረቅ መትቶታል። እዚህ ጋ ነፋሱ ኳስ ይሰርቃል። እኔ የመጣሁት ለበቅሎ ነው እንዴ? አምስተኛው ቀዳዳ ጋ ስንደርስ አላስቻለኝም።

«ይቅርታ፣ እኔ ማየት የምፈልገው የአባቴን ሥራ ነው» አልኳቸው።

ካርቱን አቆሙና ቀዳዳው ያለበትን፣ ምንጣፍ የመሰለውን ሣር አሳዩኝ። «እስቲ ፈልጊው።»

ሂል ጫማ ሣሩን ይበሳል ስላሉኝ አወለቅኩ። መጀመሪያ ጎንበስ ብዬ፣ በኋላ ተንበርክኬ፣ በእጄ እየዳበስኩ ፈለግኩ። ዳር ላይ መዳፌን የሚያህል ክብ አገኘሁ። ሰርጎድ ብሏል፣ ጠርዙ ደርቋል። እጄን ጣል አድርጌበት አለቀስኩ። የቀብሩ ቀን እንኳን እንደዚያ አላለቀስኩም።

ሽማግሌው አጠገቤ መጥተው ቆሙ።

«ይቅርታ፣ ያ የሱ አይደለም» አሉኝ። «የአዲሱ ሠራተኛ ነው። እኩል አያደርገውም፤ ኳሴን እያስዘለለ አስቸግሮኛል። የአባትሽ ሳምንት ሳይሞላው ይጠፋል። እዚህ ሣር ላይ ስንት መቶ ደፍኗል። የተንበረከክሽበትም የሱ ይሆናል።»

እንባዬን ጠርጌ ተነሳሁ። ሣሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየሁት። አንድ ጠባሳ እንኳን የለበትም፣ ከዚያች ከአዲሱ ሠራተኛ ክብ በስተቀር። ሃያ ደቂቃ መንዳት ብቻ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ አቃተኝ።

ሽማግሌው ቢሰሙኝም ግድ አልነበረኝም።

«መጣሁ አባዬ» አልኩ በአማርኛ፣ ጮክ ብዬ። «አየሁት። ምንም አይታይም።»