የአጎቴን መሬት የሸነሸነው ካርታ

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት... አንዲት የውሃ ኢንጂነር ከከሚሴ ወደ መንደራችን መጣች።

መንደራችን ከጨፋ ሜዳ በላይ፣ ተራራው ወገብ ላይ ነው። ውሃ የምንቀዳው ታች ወርደን ነው፤ ጀሪካን አዝዬ ዳገቱን የምወጣው ደግሞ እኔ ነኝ። ማጠራቀሚያ ሊሠራልን ነው ሲባል ለማንም ሳልናገር ስንት ቀን ዱዓ አደረግኩ።

የተመረጠው ቦታ የአጎቴ የሰይድ ማሳ ጫፍ ነው። እሳቸው ከፈረሙ ይሠራል፤ እምቢ ካሉ ለሌላ ቀበሌ ይሰጣል።

ኢንጂነሯ ትልቅ ካርታ ድንጋይ ላይ ዘረጋች። ሽማግሌዎቹ ከበቧት። እኔ ከኋላ ሆኜ በትከሻቸው መሃል አየሁ። ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፤ እንዲህ ያለ ካርታ አይቼ አላውቅም። የጣት አሻራ ይመስላል... መስመር በመስመር።

«ማሳዎት ይሄውልዎት» አለቻቸው።

አጎቴ ጎንበስ ብለው ብዙ አዩ። ከዚያ ፊታቸው ተቀየረ።

«ላፋ ኮ፣ የኔን መሬት! ሰባት ቦታ ሸነሸናችሁት? ለማን ለማን ሰጣችሁት?»

«ኧረ አባባ፣ ድንበር አይደለም። ከባህር ወለል ያለውን ከፍታ ነው የሚያሳየው።»

«የምን ባህር? እኛ ያለን የቦርከና ወንዝ ነው!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። አጎቴ አልሳቁም። «በቃ፣ አልፈርምም» ብለው ምርኩዛቸውን አነሱ።

እሷም ካርታውን መጠቅለል ጀመረች። 

ያኔ ነው ልብ ያልኩት... መስመሮቹ አንዱ ሌላውን አይነካም። ጎን ለጎን ሆነው ተራራውን ይዞራሉ። የት ነው የማውቀው? እርከን!

አምና እርከን ስንሠራ አጎቴ አንዱን ዘንግ፣ እኔ ሌላውን ይዘን ነበር። በመሃላችን ሲባጎ ተወጥሮ ውሃ ልክ ይንጠለጠልበታል። አረፋዋ መሃል ስትቆም እኩል ከፍታ ላይ ነን ማለት ነው፤ ችካል ተክለን ወደ ጎን እንሄዳለን።

ሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም። ድምፄ ከየት እንደወጣ እንጃ...

«አጎቴ... እንደ እርከናችን ነው። አምና ለአንዱ እርከን የተከልነውን ችካል በሙሉ ብናገናኘው፣ አንዱ መስመር እሱ ነው።»

ኢንጂነሯ ካርታውን መልሳ ዘረጋችው። አጎቴ ጣታቸውን አንዱ መስመር ላይ አድርገው ቀስ እያሉ ተከተሉት። ጣታቸው ተራራውን ዞሮ ዞሮ የተነሳበት ቦታ ደረሰ።

«እዚህ ጋስ መስመሮቹን ምን አጨናነቃቸው?»

«ገደሉ ነው» አልኳቸው።

«ይሄ ባዶውስ?»

«ጨፋ... ሜዳው።»

«ሱብሃነላህ!» አሉ። ወደ ኢንጂነሯ ዞሩ። «የምፈርምበትን አምጪው ልጄ።»

እኔ ግን ዓይኔን ከካርታው መንቀል አቃተኝ። ጠፍጣፋ ወረቀት ነው እኮ... እያየሁት ተራራችን ከውስጡ ብድግ አለ።

ወደ ቤት ስወጣ እግሬን ቀስ ብዬ ነበር የማነሳው... መስመሮቹን የምረግጣቸው እየመሰለኝ።